ብልሁ ጨዋታና ዕብዱ ጨዋታ

መጋቢት 22 ቀን 2016 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ከቤይሩት በስተደቡብ ምሥራቅ ባለችው ዓይን ኤል ረማነህ የማሮናይት ቤተሰቦች ትንሣኤን አከበሩ። ለዚህ በዓል የሊባኖስ ወጥ ቤቶች ማዓሙል ይጋግራሉ፤ በቅቤ የታሸ፣ መሐሉ ቴምር ወይም ለውዝ የተደረገበት፣ በእንጨት ቅርጽ እየተጫነ የሚወጣ ብስኩት። ከሚያሹትና ከሚጭኑት እጆች ብዙዎቹ የኢትዮጵያውያን ናቸው፤ ኦርቶዶክስ የሆኑትና የሚጾሙት ታዲያ የሠሩትን አይቀምሱም። ለእነሱ ያ እሑድ የዓቢይ ጾም 21ኛ ቀን ነበር። ፋሲካቸው ሚያዝያ 27 ነው፤ ገና 35 ቀን ይቀራል። በዓመቱ ደግሞ ሁለቱ በዓላት ተገጣጠሙና ሚያዝያ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. እመቤቲቱም ሠራተኛዋም በአንድ ቀን ፈሰኩ።

ዓይን ኤል ረማነህ ለሊባኖሳውያን በመጀመሪያ የምታስታውሰው አውቶቡሱን ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 13 ቀን 1975 ፍልስጤማውያንን ያሳፈረ አውቶቡስ የተደበደበው እዚያ ነው፤ የ15 ዓመቱ የእርስ በርስ ጦርነትም ከዚያ ቀን ይቆጠራል። ዛሬ የፎቅ ቤቶችና የትንንሽ ሱቆች ሰፈር ነች። የኢኮኖሚ ቀውሱ ከመምጣቱ በፊት ሊባኖስ ውስጥ የሥራ ፈቃድ የነበራቸው ኢትዮጵያውያን ከመቶ ሺህ በላይ ነበሩ፤ የሚበዙት በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ ሴቶች ናቸው። እንግዲህ በእንዲህ ዓይነት ሰፈር ማታ ማታ ወለል ላይ የተበተነውን የልጅ መጫወቻ፣ ባለቀለም ኩቡን፣ ባለቁጥር ካርዱን፣ እንቁላል የሚያህለውን ጥርሳማ ጎማ ለቅማ ሳጥን ውስጥ የምትከተው ማን እንደሆነች መገመት አይከብድም።

መጫወቻዎቹ «የሚያስተምሩ» ተብለው የሚሸጡ ናቸው። ሻጮቹ በግልጽ ባይናገሩትም ከማሸጊያው ጀርባ አንድ ሐሳብ አለ፦ የሒሳብ ጭንቅላት የሚሠራው በልጅነት ነው፣ ያኔ ካልተሠራ በኋላ አይሠራም። ይህ የንግድ ሐሳብ ብቻ አይደለም። ሰው በተወለደበትና ባደገበት ዕጣ ይወሰናል ወይስ አይወሰንም የሚለው አሮጌ ሃይማኖታዊ ጥያቄ የመጫወቻ ሱቅ ውስጥ ገብቶ ነው።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት በዚህ ጉዳይ የራሱ መልስ አለው፤ መልሱም ያስገርማል። መልሱን ለማየት የበዓላት ቀን ከሚሰላበት ከባሕረ ሐሳብ እንነሣ፤ የሁለቱን ፋሲካዎች ልዩነት ካመጡት ነገሮች አንዱ በእኛ በኩል እሱ ነው። የ2016ን ስሌት እንውሰድ። 5500 እና 2016 ሲደመሩ ዓመተ ዓለሙ 7516 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 11 ይተርፋል፤ አንድ ለዘመኑ ይቀነስና ወንበሩ 10 ነው። ወንበሩ በ11 ሲባዛ 110፤ ሠላሳ ሠላሳው ሲገደፍ 20 ይቀራል፣ ይህ አበቅቴ ነው። ያው ወንበር በ19 ሲባዛ 190፤ ሠላሳው ሲገደፍ 10 ይቀራል፣ ይህ መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30። የትኛውም ዓመት ቢወሰድ ድምሩ 30 ነው። ይህን በቃሉ የያዘ ተማሪ ዕድሜ ልኩን ሳይሳሳት ሊያሰላ ይችላል፤ አንድ ቀን ግን 11 እና 19 ራሳቸው ተደምረው 30 መሆናቸውን ልብ ይልና ሁለቱን በአንድ ቁጥር ማባዛት ሠላሳን በዚያው ቁጥር ከማባዛት እንደማይለይ ያያል። ከዚያ በኋላ ደንቡን ባይነግሩትም ራሱ ያወጣዋል። ሒሳባዊ ዕይታ የሚባለው ይህ ነው፤ ነገሩ እንደዚያ መሆኑን ብቻ ሳይሆን ከዚያ ሌላ ሊሆን አለመቻሉን ማየት።

ትውፊቱ ይህን ዕውቀት ለማን እንደሚሰጥ ልብ በሉ። የእስክንድርያ 12ኛው ሊቀ ጳጳስ ድሜጥሮስ ወይን አትክልት የሚያለማ፣ ያልተማረ ገበሬ ነበር ይባላል። መንበሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ አጽዋማትና በዓላት የሚውሉበትን ቀን ለማወቅ ተመኘ፤ መልአክም ተገልጾለት በሌሊት 23፣ በቀን 7 ሱባዔ እንዲገባ ነገረው። ሱባዔው ሰባት ሰባት ነውና 23 ጊዜ 7፣ 161 ነው፤ ሠላሳው ሲገደፍ 11። ሰባት ጊዜ 7፣ 49 ነው፤ ሠላሳው ሲገደፍ 19። ጥንተ አበቅቴና ጥንተ መጥቅዕ የተገኙት እንዲህ ነው። የታሪክ ሰዎች በበኩላቸው የ19 ዓመቱን ዑደት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ከነበረው ከአቴናዊው ሜቶን ጋር ያያይዙታል፤ 19 የፀሐይ ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር ሊገጥም ጥቂት ሰዓታት ብቻ እንደሚቀሩት የታወቀው ቀደም ብሎ ነው። ያም ሆኖ ትውፊቱ የሚናገረው ቁም ነገር አይሻርም። ልጅነቱን በወይን ሥር ያሳለፈ፣ ፊደል ያልቆጠረ ጎልማሳ፣ ሌላው በዕድሜ ልክ ትምህርት የማይደርስበትን ቁጥር አየ።

በተቃራኒው ወገን የቆመው ሲሞር ፓፐርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ፕሪቶሪያ የተወለደው ይህ የሒሳብ ሰው ለልጆች የሚሆነውን ሎጎ የተባለ የኮምፒውተር ቋንቋ ካዘጋጁት አንዱ ነው። በ1980 ባሳተመው መጽሐፍ መግቢያ ላይ ሁለት ዓመት ሳይሞላው በመኪና እንደተማረከ፣ ቆይቶም በጥርሳማ ጎማዎች ፍቅር እንደወደቀ ይተርካል። ትምህርት ቤት ሲገባ የማባዣ ሰንጠረዡን በእነሱ ተረዳ፤ ሁለት ያልታወቁ ቁጥሮች ያሉትን እኩልነት ሲያይም አንዱ ጎማ ሲዞር ሌላው ስንት እንደሚዞር በዓይነ ኅሊናው ይታየው ነበር። ይህን ያነበበ ወላጅ ወዲያው ጥርሳማ ጎማ ሊገዛ ይነሣል። ፓፐርት ግን በዚያው ጽሑፍ ይህን አስቀድሞ ይቃወማል፤ ለሁሉም ልጅ ጎማ ማደል ነገሩን መሳት ነው ይላል። እሱን ያስተማረው ጎማው ሳይሆን መውደዱ ነበር፤ ማንም አላዘዘውም፣ ማንም አልፈተነውም።

የቤይሩት ምድር ራሱ ለዚህ ክርክር የሚሆን ሰሌዳ አለው። የእኛ ገበጣ ዘመድ የሆነው ማንቃላ በሊባኖስና በሶርያ የኖረ ጨዋታ ነው። አሜሪካዊው ስቱዋርት ኩሊን በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ስለዚህ ጨዋታ ሲጽፍ በሶርያ በአንድ ሰሌዳ ላይ የሚካሄዱ የተለያዩ ጨዋታዎችን መዝግቧል። ሰሌዳው ሰባት ሰባት ጉድጓድ በሁለት ረድፍ፣ ዛጎሉ 98 ነው። አንደኛው «ዕብዱ ጨዋታ» ይባላል፤ ዛጎሎቹ እኩል ሳይሆኑ ይበተናሉ፣ ተጫዋቹ ሁልጊዜ ከዳር ጉድጓድ ይጀምራል፣ መምረጥ የለም። እጅ ይዞራል፣ ዛጎል ይወድቃል፣ ይበላል፣ ይሳቃል፤ አሸናፊው ግን ገና ሲበተን ተቆርጧል። ሁለተኛው «ብልሁ ጨዋታ» ነው። በየጉድጓዱ ሰባት ሰባት ዛጎል ይገባል፣ ተጫዋቹም ከየት እንደሚያነሣ ራሱ ይመርጣል። እዚህ ላይ አሸናፊው የሚያስበው ነው።

ያው ሰሌዳ፣ ያው 98 ዛጎል። ልዩነቱ መምረጥ መቻል ብቻ ነው።

ገበጣችን በአብዛኛው የብልሁ ወገን ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» ላይ ባወጡት ሰፊ ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ከመቶ በላይ የገበጣ ዓይነቶችን ሰብስበዋል። ጎበዝ ተጫዋች ጠጠሩን ሳይነካ የመጨረሻዋ የት እንደምታርፍ ያውቃል። አሥራ ሁለት ቤት ባለው ሰሌዳ 15 ጠጠር የያዘ ቤት ካለ ሁሉንም በጣቱ መከተል አያስፈልገውም፤ አሥራ ሁለቱ ሰሌዳውን ዞረው መነሻቸው ላይ ይመለሳሉ፣ የሚቆጠረው ሦስቱ ብቻ ነው። መሪጌታው ሠላሳውን ሲገድፍ፣ እረኛው አሥራ ሁለቱን ይገድፋል። አንዱ በግእዝ ስም ሰጠው፣ አንዱ መሬት ቆፍሮ ተጫወተው፤ አእምሮ ውስጥ የሆነው አንድ ነው። ይህን ዝምድና ሳያይ የኖረ የሒሳብ መምህር ስንቱ ይሆን?

ሴቶቹ ደግሞ ቅልሞሽ አላቸው። አምስት ጠጠር፤ አንዷ ወደ ላይ ስትወረወር አራቱ ከመሬት ይለቀማሉ፣ መጀመሪያ አንድ አንድ፣ ከዚያ ሁለት ሁለት፣ ከዚያ ሦስትና አንድ፣ በመጨረሻ አራቱም ባንዴ። ይህ አራት ቁጥር የሚከፋፈልባቸው መንገዶች ዝርዝር ነው ማለት ይቻላል፤ የጎደለው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ሁለት፣ አንድና አንድ። ወሎም ጎጃምም ያደገች ሴት ልጅ ይህን በጣቶቿ ታውቀዋለች። የሊባኖስ ልጆችም የአምስት ድንጋይ ጨዋታ አላቸው፤ በፕላቶን ዘመን የአቴና ልጆች በበግ ቁርጭምጭሚት አጥንት ይጫወቱት ነበር።

ፕላቶን ስለ ልጆች መጫወቻ የጻፈው ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ነው። «ሕግጋት» በተሰኘው የእርጅናው ሥራ የግብፅ ልጆች ፖምና አክሊል እየተከፋፈሉ፣ የወርቅና የነሐስ ጽዋ እየደባለቁ በጨዋታ ቁጥር እንደሚማሩ ይናገርና የገዛ ወገኖቹ ከዚህ በመራቃቸው ያፍራል። የሚታወሰው ግን «ሜኖን» ነው። ሶቅራጥስ ዕውቀት ሁሉ ማስታወስ መሆኑን ለማሳየት ከሜኖን አጃቢዎች አንዱን ባሪያ ልጅ ይጠራል። ጎኑ ሁለት የሆነ አራት ማዕዘን ይሥልለትና ስፋቱ እጥፍ የሚሆነውን አውጣ ይለዋል። ልጁ ጎኑን አራት ያደርጋል፤ ስፋቱ 16 ሆነ። ሦስት ያደርጋል፤ 9 ሆነ። ግራ ተጋብቶ አላውቅም ይላል። ሶቅራጥስ የሚደሰተው እዚህ ጋ ነው። ከዚያ ከማዕዘን ማዕዘን የሚያልፈውን መስመር ያሳየዋል፣ ልጁም ስምንቱን ያገኛል።

ይህን ታሪክ ፈላስፎች ነፍስ ከመወለዷ በፊት ታውቃለች ወይስ አታውቅም በሚለው ይከራከሩበታል። ዓይን ኤል ረማነህ ሆኖ ለሚያነበው ግን ሌላ ነገር ጎልቶ ይታያል። ማስረጃ ሆኖ የተጠራው ያልተማረ የቤት አገልጋይ ነው፣ ስሙ አልተጻፈም፣ ጥያቄው ሲያልቅም ጨዋዎቹ ስለ ምግባር ወሬያቸውን ቀጠሉ። ደግሞም ልጁ ሁለት ጊዜ ሲሳሳት ማንም አልተቆጣውም። ለአንድ አፍታ ብልሁን ጨዋታ እንዲጫወት ተፈቅዶለታል።

የመጫወቻው ጉዳይ ኢትዮጵያንም በቀጥታ ነክቷታል። ቤልጅየማዊው መምህር ጆርጅ ኩዊዝኔር ከአንድ እስከ አሥር ሳንቲ ሜትር የሚረዝሙ ባለቀለም የእንጨት ዘንጎች ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1952 ስለ እነሱ አሳተመ። ዘንጎቹን ዓለም አቀፍ ያደረጋቸው እስክንድርያ የተወለደው ካሌብ ጋቴኞ ነው። ይኸው ሰው በ1957 በተባበሩት መንግሥታት በኩል ኢትዮጵያ ተልኮ ሠርቷል፤ በኋላ የታወቀበት ድምፅን በቀለም የሚያሳይ የንባብ ማስተማሪያ ጅማሬውም አማርኛ ነው። ጋቴኞ መምህሩ ዝም እንዲል፣ ተማሪው እንዲሞክር ይፈልግ ነበር። ለጎልማሶችም ያንኑ ዘንግ ያቀርብላቸው ነበር።

ተጠራጣሪው አሁን ይነሣል። ጠጠርና ዘንግ መነካካት ቁጥርን ማወቅ ነው ወይ? ፈላስፋው ጎትሎብ ፍሬገ እ.ኤ.አ. በ1884 በሌላው ፈላስፋ በጆን ስቱዋርት ሚል ላይ የተሳለቀው በዚሁ ነው። ሚል ሁለትና አንድ ሦስት መሆኑን ከጠጠር ክምር እንማራለን ቢል፣ ፍሬገ ነገሮች ሁሉ በምስማር አለመመታታቸው እንዴት ያለ ዕድል ነው፣ ያለዚያ ሁለትና አንድ ሦስት ባልሆነ ነበር እንደማለት መለሰለት። ስላቁ ያማረ ነው፣ ትክክልም ነው፤ የሒሳብ እውነት በጠጠር ላይ አይቆምም። ነገር ግን እውነቱ የሚቆምበትና ሰው ወደ እውነቱ የሚገባበት በር አንድ መሆን የለባቸውም። ካንት እንኳ ሰባትና አምስት አሥራ ሁለት መሆኑን ሲያስረዳ ወደ ጣቶቹ ሄዷል።

የዘመኑ ጥናቶችም መጫወቻውን ብቻውን አያመሰግኑም። ሮበርት ሲግለርና ጊታ ራማኒ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ሥራ ከድሃ ቤተሰብ የመጡ ሕፃናትን ከ1 እስከ 10 በተርታ በተጻፈበት ሰሌዳ ላይ ለ15 ደቂቃ፣ በሁለት ሳምንት አራት ጊዜ ብቻ አጫወቷቸው። የቁጥርን መጠን የመገመት ችሎታቸው በግልጽ ተሻሻለ። ሌሎቹ ያንኑ የመሰለ ሰሌዳ ተሰጣቸው፣ በቁጥር ምትክ ቀለም ያለበት፤ እነሱ አልተሻሻሉም። ረጅም ጊዜም ውድ ዕቃም አላስፈለገም፤ ያስፈለገው ሰሌዳው ከሐሳቡ ጋር አንድ ቅርጽ እንዲኖረውና አብሮ የሚጫወት ሰው ነበር።

ጎልማሶችን በተመለከተ ደግሞ ሊባኖስ ራሷ ጨካኝ ፈተና አዘጋጅታለች። ከእ.ኤ.አ. 1997 ጀምሮ አንድ ዶላር 1,507 ሊራ ገደማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ቀውሱ ፈነዳ፤ በ2023 የጥቁር ገበያው ዋጋ ከመቶ ሺህ አለፈ። በውል 200 ዶላር ይገባት የነበረች ሴት በአሮጌው ሒሳብ 300,000 ሊራ ቢቆጠርላት በእጇ የገባው 3 ዶላር ነው። ገንዘቡ አዲስ አበባ ወይም ደሴ ሲደርስ ስንት ብር እንደሚሆን፣ ዛሬ ይላክ ወይስ ሳምንት ይቆይ፣ የአስተላላፊው ክፍያ ስንት ይበላል፣ ይህ ሁሉ ያለወረቀት በጭንቅላት የሚሠላ ነበር። ከቤት ወጥተው በፍሪላንስ የሚሠሩት ደግሞ የቤት ኪራዩን በዶላር፣ የሰዓት ክፍያውን በሊራ ይዘው ያመዛዝናሉ። ይህ የተለየ ተሰጥኦ አይደለም። ተመራማሪዋ ቴሬዚንያ ኑኔስና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1985 በብራዚሏ ሬሲፌ በገበያ የሚሸጡ አምስት ልጆችን ሲፈትኑ፣ በሽያጭ ላይ ሳሉ ከመቶ 98 ያህሉን በትክክል መለሱ፤ ያው ስሌት በወረቀት ሲቀርብላቸው ወደ 37 ወረደ። ለወረቀቱ «ሒሳብ አትችልም» ማለት ይቀለዋል።

እዚህ ላይ ግን ነገሩን ማሳመር ተገቢ አይሆንም። በሊራ መዋዠቅ መካከል ማስላት ብልሁ ጨዋታ አይደለም። ዛጎሎቹን የበተነው ሌላ ነው፣ ሴትየዋ ሁልጊዜ ከዳር ጉድጓድ ትጀምራለች። ትክክለኛ ስሌት ኪሳራዋን ያሳንስላታል እንጂ ጨዋታውን አይለውጥላትም። ችግር ብልሃትን ይወልዳል የሚለው ንግግር ብዙ ጊዜ የሚወጣው ችግሩ ከማይነካው ሰው አፍ ነው። ከሠላሳው በስተጀርባ 11 እና 19 እንዳሉ ለማየት፣ የማያስፈልግን ጥያቄ አንሥቶ ለማሰላሰል፣ ተሳስቶ እንደገና ለመሞከር ሌላ ነገር ያሻል። ልጅነት ለሒሳብ የሚያበረክተው ትልቁ ነገር የአእምሮ ልስላሴ ላይሆን ይችላል፤ ማንም የማይጠይቅበት ከሰዓት በኋላ ነው። አሪስቶትል «ሜታፊዚክስ» ላይ የሒሳብ ጥበባት ግብፅ የተጀመሩት ካህናቱ ፋታ ስለነበራቸው ነው ሲል የተናገረው ይህንኑ ነው። የድሜጥሮስ ታሪክም በዚህ ዓይን ሲነበብ ከተአምሩ በፊት ሱባዔው ይመጣል፤ ገበሬው የወይን ሥራውን አስቀምጦ፣ በሩን ዘግቶ፣ ለአንድ ጥያቄ ሌሊትና ቀን የተሰጠው ሰው ነበር። በመገለጥ የሚያምነውም የማያምነውም አንባቢ እዚህ ላይ ሊስማሙ ይችላሉ።

ስለዚህ ከዓይን ኤል ረማነህ ሲታይ ጎልማሳ ሰው ሒሳባዊ ዕይታን ሊያዳብር ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ የሥነ ልቦና ከመሆኑ በፊት የእሑድ፣ የዕረፍት ቀን ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. የ1946ቱ የሊባኖስ የሥራ ሕግ በ7ኛው አንቀጽ የቤት ሠራተኞችን ከሽፋኑ ያወጣቸዋል፤ ኑሯቸውን የሚወስነው ከአንድ አሠሪ ጋር የሚያስተሳስራቸው የከፋላ ሥርዓት ነው። በ2009 የወጣው ወጥ ውል በሳምንት የ24 ሰዓት ዕረፍት ቢጽፍም፣ ከቤት መውጣት የማይፈቀድላቸው ብዙዎች ነበሩ። በመስከረም 2020 የሥራ ሚኒስቴሩ የሳምንቱን ሥራ በ48 ሰዓት የሚወስን፣ የዕረፍት ቀኑን ሠራተኛዋ እንደፈለገች እንድታሳልፍ የሚፈቅድና ፓስፖርቷን በእጇ የሚያስቀርላት አዲስ ውል አወጣ። የሠራተኛ አስመጪ ኤጀንሲዎች ባለቤቶች ማኅበር ተቃውሞ አቀረበ፤ በወሩ፣ በጥቅምት፣ ሹራ የሚባለው የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ውሉን አገደው።